የረገበውን ጭራ ኮፒ አደረግኩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ምን ሆንኩ ብላችሁ ነው! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ማይክሮፎን ተቀብዬ፣ በገዛ አፌ ራሴን አዋረድኩ!

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍላችሁ። ነገ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ዛሬ ከእኔ ስሙት። ዜናው የእኔ ነው፤ ቀድሜ መዘገብ አለብኝ።

ለማታውቁኝ፦ ቡሬ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ዘገባ ነው። በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። ሰው በተናገረው ላይ አልጨምርም፣ አልቀንስም። አንድ ኃላፊ ንግግሩ መሀል ቢያስነጥሰው፣ ማስነጠሱን ለመቁረጥ እንኳ እጄ ይከብደኛል። እርማት ማውጣት የሚባለውን ነገር ደግሞ እንደ በሽታ ነው የምፈራው።

ይህን አመሌን ያዙልኝ። ኋላ ጉድ የሚሠራኝ እሱ ነው።

ሌላው አመሌ ኖታ ነው። ልጅ ሳለሁ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ትራምፔት እነፋ ነበር፤ ኖታ ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ረስቼው ኖሬ፣ አንድ የባሕር ዳር ወዳጄ የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር በፍላሽ አመጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለሁም!

መጀመሪያ በማውስ ነበር የምጽፈው። አንዷን ድምፅ አነሳለሁ፣ መስመሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ትንሸራተትና ሌላ መስመር ላይ ትወድቃለች። ጤፍ በመርፌ እንደ መልቀም ነው። አንዲት አጭር ዜማ ጽፌ ሳልጨርስ ወጡ ያርራል።

ከዚያ ምሥጢሩ ገባኝ። ኪቦርድ! አንድ እጅ ቁጥሮቹ ላይ፣ አንድ እጅ ፊደሎቹ ላይ። ቁጥሩ ድምፁ ምን ያህል እንደሚረዝም ይናገራል፣ ፊደሉ የቱ ድምፅ እንደሆነ። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ! ማውሱን አቧራ ጠጣው። አንድ ቀን ብቻ የአማርኛ መጻፊያውን ሳላጠፋ ጀምሬ ሶፍትዌሩም እኔም ግራ ተጋባን። ያን አንቁጠረው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን መድገሚያውን ነው። አንድ ዙር ዜማ ትጽፋላችሁ፣ ትመርጡታላችሁ፣ አንዲት ቁልፍ ትጫናላችሁ። ያው ዙር እንዳለ ተደግሞ ይጻፋል! ደግማችሁ ብትጫኑ ደግሞ ይጻፋል!

እንዲህ ያለ ሥልጣን ለሰው ልጅ መስጠት ተገቢ ነበር? ዛሬ ላይ ሆኜ ስጠየቅ፣ አልነበረም።

የልጆቹ ጉዳይ እዚህ ጋ ይገባል። ሰፈሬ ያለው ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አለው። የክበቡ አስተማሪ መምህር አስናቀ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ቸኩሎ ይናገራል፣ እኔን "እታለም" ይለኛል። ክበቡ የሚነፋቸው ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን የውሰት ናቸው። በዛሬው ውድድር ካለፉ መሣሪያዎቹ ይቀሩላቸዋል። ካላለፉ ደምበጫ ላለ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ።

ልጆቹ እነዚያን መሣሪያዎች እንዴት እንደሚይዟቸው ብታዩ! ትራምፔት የምትነፋው ስንታየሁ የእሷን በእናቷ ነጠላ ጠቅልላ ነው የምታሳድረው። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ራሷን ትታ ትራምፔቱን ጃንጥላ ስትይዝለት አይቻታለሁ።

ውድድሩ የአካባቢን ዜማ በዘመናዊ መሣሪያ ማቅረብ ነው። ደንቡ ደግሞ ጥብቅ ነው፦ ዜማው ከባለቤቱ እንደተወሰደ መቅረብ አለበት፤ ከራስ የተጨመረበት ይወድቃል።

መምህር አስናቀ ቤቴ መጣ። "እታለም፣ የአያ ሙላትን ዜማ በኖታ አድርጊልን። ልጆቹ በጆሮ ይያዙት ካልን ክረምት ይገባል።"

"በአንድ ከሰዓት እጨርስልሃለሁ!" አልኩት።

በአንድ ከሰዓት በይ ብሎ ማን ጠየቀኝ?

አያ ሙላት ከቡሬ ወጣ ብለው የሚኖሩ የማሲንቆ ሰው ናቸው። በዚያ አገር ያለ እሳቸው ማሲንቆ የተሞሸረ የለም። ይህን አላጣራሁም፤ ግን አትከራከሩኝ። ቤታቸው ሄድኩ፣ መቅረጫዬን አጠገባቸው አስቀመጥኩ፣ ቀዩ መብራት መብራቱን አየሁና "ይጀምሩ አያ" አልኳቸው።

ጀመሩ። ምን ዓይነት ዜማ ነው! ደጋኑ ጭራው ላይ ሲሄድ ግድግዳው ራሱ የሚሰማ ይመስላል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ መቅረጫውን እዚያው ትቼ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ስመለስ አያ ሙላት እየጨረሱ ነበር።

"ደህና ገባልሽ?" አሉኝ።

"በሚገባ!" አልኩ።

ያንን ስልክም ያዙልኝ።

ቤቴ ገብቼ ቀረጻውን ቀስ አድርጌ ከፈትኩት። ትንሽ ሰምቼ አቆማለሁ፤ ቁጥር፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ፊደል። እጄ እንደ ዘፈን ይሄዳል። የመጀመሪያው ዙር ግማሽ ላይ ስደርስ ማሲንቆው ቀጥ አለ።

ዝም።

አያ ሙላት በጉሮሯቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ ማሲንቆው "እዪይ… እዋይ" አለ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ተንሸራተተ። ከዚያ ዜማው ካቆመበት ቀጠለ።

ሌላ ሰው ቢሆን "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ደውሎ ይጠይቃል። እኔ ግን አልጨምርም፣ አልቀንስም! ዝምታውን ለካሁት፣ በልኩ የዕረፍት ምልክት አስገባሁ። "እዪይ እዋይ"ንም ከነመንሸራተቱ አስቀመጥኩ። ማጉረምረሙን ብቻ ተውኩት። ድምፅ እንጂ ኖታ አይደለም ብዬ።

ዜማው ዙር ነው። ግጥሙ ይለወጣል እንጂ ዜማው ያው ነው። ታዲያ ሁለተኛውን ዙር ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? መረጥኩ። ቁልፏን ተጫንኩ። ደገምኩ። ደገምኩ! ሰባት ዙር ሞላ። ለሳክስፎኑም፣ ለትሮምቦኑም አከፋፈልኩት። ከበሮው እንኳ አልቀረም፤ እሱም የዝምታ ድርሻውን አገኘ።

ራት ሳይደርስ አለቀ። ራሴን በራሴ አደነቅኩ።

መምህር አስናቀን ጠርቼ ላፕቶፑ እንዲያጫውትለት አደረግኩ። ዝምታው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"እታለም" አለ በቀስታ፣ "ይሄማ ጃዝ ነው!"

ቡሬ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ጃዝ እንዳለ እስከዚያ ቀን ማን ነገረን?

አሁን "ልምምድ ላይ እንዴት አልታወቀም?" ትሉኛላችሁ። ደህና ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። መልሱ ፈረቃ ነው። ነፊዎቹ ጠዋት ይማራሉ፣ ከሰዓት በእኔ ኖታ ይለማመዳሉ። ጨፋሪዎቹ ከሰዓት ይማራሉ፣ ጠዋት መምህር አስናቀ ክፍል ሲያስተምር ብቻቸውን በአያ ሙላት ማሲንቆ ይለማመዳሉ። ነፊና ጨፋሪ በር ላይ ሰላም ይባባላል እንጂ አብሮ ሠርቶ አያውቅም።

አብረው እንዲለማመዱ ቅዳሜ ተይዞ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ መምህራኑ በሙሉ ለተፋሰስ ሥራ ወጥተው እርከን ሲቆፍሩ ዋሉ። ዘገባውን የሠራሁት እኔ ነኝ! መምህር አስናቀን አካፋ ይዞ ፎቶ አንስቼዋለሁ። "ምን ያህል ቆፈራችሁ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ልምምዱስ?" አላልኩትም።

ስለዚህ የእኔ ወረቀትና የአያ ሙላት እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት ዛሬ ነው። መድረክ ላይ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አያ ሙላት በክብር ከፊት ተቀምጠዋል፤ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። የደምበጫው አስተማሪ በሩ አጠገብ ቆሟል። ምን ይዞ እንደመጣ ገምቱ።

ገመድ!

ጥቅል ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ! መሣሪያዎቹን አስሮ ሊወስድ!

መምህር አስናቀን አላስቻለውም። "ምነው ወንድሜ፣ ከብት ልትገዛ ነው የመጣኸው?"

"ኧረ የለም" አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። "ተገዝቶ ያለቀ ልነዳ ነው።"

አቅራቢው ማይክሮፎኑን እፍ እፍ አለበትና "ዜማውን በኮምፒዩተር በኖታ ያዘጋጁልን ጋዜጠኛችን ናቸው፣ ጭብጨባ!" አለ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ወደ ግራም፣ ወደ ቀኝም። ይህ ሁሉ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሕዝቡ በደንብ እንዲያውቀው ነው።

ልጆቹ ጀመሩ።

እንዴት አማረ! ከበሮው ደረት ይመታል፣ ትራምፔቱ ያበራል፣ የጨፋሪዎቹ ትከሻ እንደ ውሃ ይፈስሳል። መምህር አስናቀ በእጁ እየመራ በግማሽ ፊቱ የደምበጫውን ሰው ያያል።

ከዚያ ቀጥ።

ሁሉም! በአንድ ለአምስት የተደራጁ ይመስል እኩል ዝም አሉ።

ጨፋሪዎቹ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር እንደደረሰ ቀሩ። አንዱ በአንድ እግሩ ቆሞ ሚዛኑን ይፈልጋል።

"መብራት ጠፋ!" ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ከኋላ።

ወንድሜ፣ መብራቱ በርቷል እኮ! ትራምፔት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በመብራት የሚሠራው?

ከዚያ ስንታየሁ፣ ዓይኗን ኖታው ላይ ተክላ፣ በትራምፔቷ "እዪይ… እዋይ" አለች። በሙሉ እምነት! ሁሉም ካቆሙበት ቀጠሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። እንዴት ያለ ንባብ! ከዚያ ግን ዓይኔ አያ ሙላት ላይ አረፈ። አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ እጃቸው ደግሞ የማሲንቆውን መቃኛ ይዞ፣ ሳያውቁት፣ ቀስ እያለ ያጠብቃል።

በቁሜ ደረቅኩ።

ጭራው ነው! እኔ አጥሩ ጋ ስልክ ሳወራ ጭራው ረግቦባቸዋል! አቁመው፣ መቃኛውን ጠምዝዘው፣ "እዪይ እዋይ" ብለው ሞክረው ነው የቀጠሉት! እኔ የጻፍኩት ዜማ አይደለም፤ ጥገና ነው!

ያለፈው ደግሞ ገና አንዱ ዙር ነው።

የሠራችሁት ስህተት በሬዲዮ ሲነገር፣ ሬዲዮውን መዝጋት ሳትችሉ፣ ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ዙር። ቀጥ። "እዪይ… እዋይ።"

"ደግሞ መጣበት!" አለች አንዲት ሴት።

ሦስተኛው ላይ አዳራሹ ሳቀ። አራተኛው ላይ ከወደ ግራ እልልታ ተለቀቀ፤ ዝምታውን ባዶ ሆኖ ማየት አላስቻላቸውም። ጨፋሪዎቹ ግን የቡሬ ልጆች ናቸው! አምስተኛው ላይ ነቁ። ልክ ሲቆም ትከሻቸውን ሰቅለው፣ አንገታቸውን ወደ ሕዝቡ መለስ አድርገው ጠበቁ። ሕዝቡም "እሰይ!" ብሎ ሞላላቸው። ስድስተኛው ላይ ጣሪያው ተነሳ። ሰባተኛው ላይ ዋናው ዳኛ ራሱ እጁን አንስቶ ዝምታውን ሲጠብቅ አይቻለሁ። ቢክድ ምስክር አለኝ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ግን ዳኛው እጁን አወረደ፣ መነጽሩን አስተካከለ።

"ማብራሪያ እንፈልጋለን" አለ። "ይህ መሀል ላይ የሚቆመው ነገር የባለዜማው አጨዋወት ነው? ወይስ እዚህ የተጨመረ? ከተጨመረ ደንቡን ታውቁታላችሁ።"

ማይክሮፎኑ ወደ እኔ መጣ።

መምህር አስናቀ በዓይኑ ይለምነኛል። ባህል ነው በይ! ጥንታዊ ነው በይ! ጃዝም ቢሆን በይ! ስንታየሁ ትራምፔቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ታየኛለች። የደምበጫው ሰው ገመዱን ከትከሻው አውርዶ መፍታት ጀምሯል።

የምትፈለግብኝ አንዲት "አዎ" ብቻ ናት። ማን ያውቅብኛል?

አልወጣልኝም። የሰውን ዜማ እንዳልሆነው ጽፌ፣ ደግሞ ነው ብዬ ልመስክር? ልጆቹ እንኳ የተጻፈላቸውን ነው የነፉት፤ አንዲት ድምፅ አልሳቱም። የሳትኩት እኔ ነኝ።

"ስህተት ነው" አልኩ። ድምፄ በማይክሮፎኑ አዳራሹን ዞሮ ተመልሶ ወደ ጆሮዬ ገባ። "የልጆቹ አይደለም፣ የእኔ ነው። ስቀርጽ የማሲንቆው ጭራ ረግቦ ኖሯል። መርገቡን በኖታ ጻፍኩት። ከዚያ ኮፒ አደረግኩት።"

"ምን ያህል?" አለ ዳኛው።

"ዘፈኑ እስኪያልቅ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ሰው ሰው ላይ ወደቀ። መምህር አስናቀ ፊቱን በኖታዬ ሸፈነ።

ዳኛው ግን አልሳቀም። "እንግዲህ የባለቤቱ ካልሆነ…" ብሎ ወረቀቱን ሳብ አደረገ። ስንታየሁ ትራምፔቷን ከደረቷ አላቀቀችና በእናቷ ነጠላ ጠርዝ መወልወል ጀመረች። እቃ ለባለቤቱ ሲመለስ እንደሚወለወል።

የእኔስ ቀልድ ነው፤ የእሷ ግን አልነበረም።

"ቆይ እስቲ፣ አንተ ልጅ!"

አያ ሙላት ተነስተዋል።

"የእኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ማሲንቆው የእኔ። ጭራው የእኔ። የረገበውም በእኔው እጅ፣ በእኔው ቤት ነው። እሷ ምኗ አለበት? ጸሐፊ ናት!"

ዳኛው ከወንበሩ ተነሳ። "አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ እንዲህ እያቆሙ ነው የሚጫወቱት?"

"እስከ ትናንት አልነበረም" አሉ። ማሲንቆውን ወደ ደረታቸው አነሱት። "ከዛሬ ጀምሮ ግን ነው። ይኸው፣ ስማ!"

ደጋኑን ሳቡት። ልጆቹ ተያዩና ገቡላቸው። ወረቀትና እጅ አንድ ላይ ሄዱ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አያ ሙላት ቀጥ አሉ፤ ደጋኑን ወደ ሰማይ ሰቅለው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

"እሰይ!" አለ ሕዝቡ።

መቃኛውን እንደ ንጉሥ በዝግታ ጠመዘዙት። "እዪይ…" አለ ማሲንቆው። "እዋይ!" ብላ ስንታየሁ በትራምፔቷ መለሰችላቸው።

ከዚህ በላይ ምን ይጣራል? ምንጩ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ አረጋገጠ!

ዳኞቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ዋናው ዳኛ "ባለዜማው የእኔ ነው ካሉ እኛ ማን ነን? ቡሬ አልፏል!" አለ።

መምህር አስናቀ ዳኛውን አቅፎ ከመሬት አነሳው። ስንታየሁ ትራምፔቷን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አላጣራሁም።

የደምበጫው ሰው ገመዱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። "ለመሆኑ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በምን ልታስሯቸው ነው?" አለ። ራሱ ወጣና መሣሪያዎቹን በየሳጥናቸው አሰራቸው። ሲወርድ እጁን እያራገፈ ወደ እኔ ዞረ።

"እንዳይረግብ አጥብቄዋለሁ። ከረገበ ጋዜጠኛዋ ትጽፈዋለች!"

አያችሁ? ወሬው ደምበጫ ደርሷል። ነገ አዴት ይገባል፣ ከዚያ ሽንዲ።

መንገዱን ሙሉ ልጆቹ ዘፈኑ። ዝምታው ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ዝም ይላል፤ ሾፌሩ ክላክሱን "እዪይ… እዋይ" ያደርገዋል። እኔ መስኮት መስኮቱን ሳይ አያ ሙላት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"አኮረፍሽ እንዴ?"

"አፈርኩ እንጂ አያ። ቤት ስገባ ዝምታውን ከሰባቱም ዙር አጠፋዋለሁ። እርማት ይወጣለታል።"

"እንዳትነኪው እታለም!" አለ መምህር አስናቀ ከኋላ።

አያ ሙላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እርማት ካነሳሽማ፣ አንድ የዘለልሽው አለ። ጭራው ሲረግብ እኔ ዝም አላልኩም። ሰደብኩት! አምርሬ ነው የሰደብኩት። አልጨምርም አልቀንስም ስትዪ፣ ስድቤን የት አደረግሽው?"

ማጉረምረሙ!

እውነታቸውን ነው። ቀንሻለሁ! ይህን ሁሉ ዓመት ስኮራበት የኖርኩት ነገር እሱም ቀረ።

አሁን ላፕቶፑ ፊቴ ተከፍቷል። ቀረጻውን ደግሜ ሰማሁት፤ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ዙር፣ እስከ መጨረሻው፣ ስልኬን አጥፍቼ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ምንም ዝምታ የለም፤ ጥርት ያለ ዜማ ነው። እሱን አስቀድሜ ብሰማው ኖሮ ዛሬ እጄ ይህን ባልጻፈ ነበር። ስድቡንም በደንብ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ላይ አልደግመውም፤ እናቶች ያነባሉ። የማረጋግጥላችሁ፣ ጭራው የፈረስ ቢሆንም ፈረሱ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም ነበር።

ዝምታውን አልነካሁትም። ስድቡ ግን መግባት አለበት፤ ባለቤቱ ጠይቀዋል፣ እርማት ደግሞ እርማት ነው።

እስቲ ሶፍትዌሩን የምታውቁ ንገሩኝ። ቁጥሩ ርዝመት ነው፣ ፊደሉ ድምፅ ነው። ስድብ የሚገባው በየትኛው ቁልፍ ነው?

ቶሎ በሉ እንጂ! ሰባት ጊዜ ነው የሚያስፈልገኝ።